የባለቤቴን ደም በፍሪዘር አስቀምጦ ማቆየት ይቻላል?

ከደሴ የጻፉ አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባለቤቴ ኦ ኔጌቲቭ ናት፤ እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አሜሪካ ያለው ወንድሜ እዚያ ደም በፍሪዘር እስከ አሥር ዓመት እንደሚቀመጥ ነገረኝ። የራሷን ወይም የእህቷን ደም (እህቷም ኦ ኔጌቲቭ ናት) ቀድተው እንዲያስቀምጡልን ደም ባንክ ሄጄ ብጠይቅ ‹ከ35 ቀን በላይ አይቆይም› አሉኝ። ግን እዚያው ፍሪዘር ሙሉ ከረጢት በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ስትወልድ ደግሞ ከመጣላት ደም አንዱ ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ ስለተገኘ ጣሉት። በሞቀ ውሃ አቅልጠው ቢሰጧት ምን ነበረበት? በስንት ልመና የተገኘ ደም መጣሉ እስካሁን ያንገበግበኛል።»

ወንድምዎ የነገረዎት እውነት ነው፤ ደም ባንኩ የመለሰልዎትም እውነት ነው። የተጋጩ የሚመስለው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለተናገሩ ነው። ለመደናገሩ ቋንቋችንም ድርሻ አለው። «የቀዘቀዘ ደም» ስንል ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ የተቀመጠውንም፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። «የረጋ ደም» እንዳንል መርጋት ሌላ ነገር ነው፤ ቁስል ላይ ደም ሲቋጥር የምናየው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ፍሪጅ ውስጥ ያለውን «የቀዘቀዘ»፣ ከዜሮ በታች ወርዶ የጠጠረውን «በረዶ የሆነ» እያልኩ እለያቸዋለሁ።

በሀገራችን በአብዛኛው የምንጠቀምበት የደም ከረጢት ሲፒዲኤ-አንድ የሚባል ፈሳሽ አለበት። በውስጡ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት፣ ለሕዋሶቹ ስንቅ የሚሆን ስኳር፣ ፎስፌትና አዴኒን ይገኛሉ። ደሙ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀመጥ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ አዝግመው፣ ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ እየተጠቀሙ ይቆያሉ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ጉልበታቸው ይደክማል፣ ቅርጻቸው ይለወጣል፣ ፖታሲየም ከውስጣቸው ወደ ውጭ ይወጣል። 35 ቀን የተባለው እንዲሁ በግምት የተቆረጠ አይደለም። ደሙ ከተሰጠ ከ24 ሰዓት በኋላ ከሕዋሶቹ ቢያንስ 75 ከመቶው በታካሚው ደም ሥር ሲዘዋወሩ መገኘት አለባቸው፤ ይህ መስፈርት የሚሟላው እስከዚያ ቀን ድረስ ነው። ተጨማሪ ማቆያ ፈሳሽ ያለው ከረጢት እስከ 42 ቀን ያደርሳል። በፍሪጅ ከዚያ ብዙም የሚያልፍ የለም።

«ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይበልጥ አይቆይም ወይ?» የሚለው ሐሳብ ከሥጋ ቤት የመጣ ነው። ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ወራት ይከርማል፤ ከሥጋው የምንፈልገው ግን እንዳይበላሽ ብቻ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ቀልጦ ሲወጣ ሽፋኑ ሳይቀደድ፣ ኦክስጅኑን ተሸክሞ፣ ከእሱ በጠበበ ደም ሥር ውስጥ ተጣጥፎ ማለፍ አለበት። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ ቲማቲም ሲቀልጥ ምን እንደሚሆን አይተው ይሆናል። ቅርጹ ይጠፋል፣ ውሃውን ይለቃል። የደሙም ነገር ከዚህ አይርቅም። ውሃ በረዶ ሲሠራ ጨውን ወደ ውስጡ አያስገባም። ከሕዋሶቹ ውጭ ያለው ውሃ ንጹሕ በረዶ እየሆነ ሲሄድ የቀረው ጥቂት ፈሳሽ ጨውነቱ እየበረታ ይሄዳል። ያ ፈሳሽ ከሕዋሱ ውሃ ይመጥጣል፣ ሽፋኑንም ያደክማል። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ተመልሶ ይገባል፤ የደከመው ሽፋን ግን አይችለውም፣ ይፈነዳል። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ ይህን የጨው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1953 አሳይቷል። በፍጥነት ማቀዝቀዝም አያመልጥም። ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ውሃው ከሕዋሱ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ በረዶው እዚያው ውስጡ ይሠራና ከውስጥ ይበጣጥሰዋል።

አሁን ወደተጣለው ከረጢት ልመለስ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። የጣሉት ባለሙያዎች ትክክለኛውን ሠርተዋል። በሞቀ ውሃ ቢያቀልጡት ኖሮ ከረጢቱ ደም መስሎ ይታይ ነበር፤ ሕዋስ ግን አይኖረውም። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ደም መምሰሉ ነው። ጤናማ ደም ቆሞ ሲቆይ ከታች ጥቁር ቀይ፣ ከላይ ቢጫ ሆኖ ይለያል። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ደም ግን ላይ ታቹ አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ቀይ ጠጅ ጥርት ብሎ ብርሃን ያሳልፋል። ሕዋሶቹ ፈንድተው ሄሞግሎቢኑ በፈሳሹ ውስጥ ተበትኗልና። ለባለቤትዎ ቢሰጥ ኖሮ ያ የተበተነ ሄሞግሎቢን ኩላሊቷን ይጎዳ ነበር፤ ከፈነዱት ሕዋሶች የወጣው ፖታሲየም የልብ ምቷን ያዛባ ነበር። ሽንቷ ይጠቁራል፣ ወገቧን ያማታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ የደም ግፊቷ ይወርዳል። ደም የፈሰሳት ሴት ላይ ይህ ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። በልመና የተገኘ ደም መጣሉ ማንገብገቡ ተገቢ ነው። ያ ቁጭት ግን ደሙ በረዶ እንዲሆን ወዳደረገው አያያዝ ይዙር እንጂ ወደጣሉት ሰዎች አይሁን።

ደም በረዶ የሚሆነው ከዜሮ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ ስህተቱ ብዙ መንገድ አይጠይቅም። የቤት ፍሪጅ የኋላ ግድግዳው ከመሀሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ እሱን ተደግፎ ያደረ ከረጢት ጎኑ ሊጠጥር ይችላል። ሌላው በመንገድ ላይ የሚደርሰው ነው። ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ አይስ ፓክ ከከረጢቱ ጋር ተነካክቶ በሳጥን ሲታሸግ፣ አይስ ፓኩ ላዩ ላይ ላብ እስኪያወጣ ሳይጠበቅ፣ በመካከላቸው ካርቶን ሳይገባ፣ የተነካው ጎን በረዶ ሆኖ ሆስፒታል ሲደርስ ቀልጦ ይገኛል። ይህኛው ይብሳል፣ ማንም ሳያይ አልፏልና። ቴርሞሜትር የሌለው ሳጥን ውስጥ የመጣን ደም እንዴት እንደመጣ መጠየቅ ለአስታማሚም መብት ነው። በረዶ መሆኑ የተጠረጠረ ከረጢት አይቀልጥም፣ አይሞከርም፣ ምልክት ተደርጎበት ወደ ደም ባንኩ ይመለሳል። ደም በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ደግሞ በረዶ ላልሆነውም አይበጅም፤ ከ42 ዲግሪ በላይ ያለ ሙቀት ራሱ ሕዋስ ያፈነዳል።

ፍሪዘር ሙሉ ሆኖ ያዩት ከረጢት ፕላዝማ ነው። ደም ከተለገሰ በኋላ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ከባዱ ቀይ ሕዋስ ታች ይቀራል፣ ቢጫው ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋል። ቢጫው ተለይቶ ከ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ በረዶ ይደረጋል። ፕላዝማ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ጨው ነው፣ የሚፈነዳ ሕዋስ የለም፤ የምንፈልገው ደም የሚያቆሙትን ፕሮቲኖች ነው፣ እነሱም በረዶውን ይችሉታል። በዚያ ፍሪዘር ቀይ ሕዋስ ቢገባበት አንድ ሌሊት አይተርፍም።

ታዲያ አሜሪካ ውስጥ እንዴት አሥር ዓመት ይቆያል? በግሊሰሪን። ከፋርማሲ ገዝተን ቆዳችን ላይ የምንቀባው ያው ግሊሰሪን፣ ሳይንሱ ግሊሰሮል የሚለው፣ ንጽሕናው ተጠብቆ ሲዘጋጅ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባና ከውሃው ጋር ይደባለቃል። ሲቀዘቅዝ ውሃው ሁሉ በረዶ እንዳይሆን ይከላከላል፤ በዚህም ጨዉ ሕዋሱን እስኪጎዳ ድረስ አይበረታም። የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ ውስጥ ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአውራ ዶሮ ዘር በበረዶ ለማቆየት ሲሞክሩ የስኳር ብጥብጥ ነው ብለው የተጠቀሙበት ጠርሙስ ሲመረመር ግሊሰሪን ያለበት ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ከሦስቱ አንዷ ኦድሪ ስሚዝ በቀይ የደም ሕዋስ ላይም እንደሚሠራ አሳየች፤ በ1951 ደግሞ ሞሊሰንና ስሎቪተር በረዶ ሆኖ የቀለጠ ደም ለሰው ተሰጥቶ እንደሚኖር አረጋገጡ።

ዘዴው ለእኛ ሀገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኮርማ ዘር በዚሁ በግሊሰሪን መንገድ ተዘጋጅቶ በፈሳሽ ናይትሮጂን ይቀመጣል፤ አዳቃይ ባለሙያው የናይትሮጂን ዕቃውን ይዞ ገበሬው ደጅ ሲደርስ ያየ ሰው ሁሉ ነገሩን አይቶታል። «ለላም የተቻለ ለሰው እንዴት ያቅታል?» የሚል ጥያቄ በሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የዘሩ መጠን ከአንዲት የሻይ ማንኪያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ ግማሹ ቢሞት የተረፈው ይበቃል፣ ግሊሰሪኑም ሳይታጠብ አብሮ ይገባል። ደም ግን አንድ ከረጢት ሙሉ ነው፤ ከሕዋሱ አብዛኛው መትረፍ አለበት፤ ግሊሰሪኑም እስከ መጨረሻው ታጥቦ መውጣት አለበት። አድካሚውና ውዱ ሥራ ማቀዝቀዙ ሳይሆን ይህ አጠባ ነው።

በውጭ ሀገር ስሠለጥን ደጋግሜ የሠራሁት ስለሆነ አሠራሩን ላሳይዎት። ደሙ ከተለገሰ ባሉት ስድስት ቀናት ውስጥ ፕላዝማው ተለይቶ ቀይ ሕዋሱ ይወሰዳል። ግሊሰሪኑ አንዴ አይገለበጥበትም። በመወዝወዣ ላይ ሆኖ መጀመሪያ ጥቂት ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ቆም ተብሎ ይጠበቃል፣ ቀሪው በዝግታ ይገባል። ሲቸኮል ሕዋሱ ወዲያው ይጎዳል። መጨረሻ ላይ የከረጢቱ ግሊሰሪን 40 ከመቶ ያህል ይሆናል፤ ደሙ ወፍሮ እንደ ማር ይጎተታል። ከዚያ በካርቶን ወይም በብረት ሳጥን ተጋድሞ ከ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከፍ እንዳይል ዓመቱን ሙሉ ይጠበቃል። ሳጥኑ የሚያስፈልገው በዚያ ቅዝቃዜ ፕላስቲኩ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰባበር ነው። አንድ ጊዜ ከእጄ አምልጦ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር የተላተመ ከረጢት ሲቀልጥ ጥጉ ላይ በተሰነጠቀች ክር በማታህል መስመር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ያ ሁሉ ድካም እዚያው አበቃ። ሌላም መንገድ አለ፦ ግሊሰሪኑን በግማሽ ያህል ቀንሶ በፈሳሽ ናይትሮጂን በፍጥነት ማቀዝቀዝ። አጠባው ይቀላል፤ በምትኩ ግን ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከፍ ማለት ስለሌለበት ናይትሮጂኑ መቋረጥ የለበትም።

ደሙ ሲፈለግ ከረጢቱ በ37 ዲግሪ ውሃ ይቀልጣል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የቀለጠው ደም ግን ገና ለሰው አይሰጥም። ሕዋሶቹ በግሊሰሪን ተሞልተዋል፤ እንዲህ እንዳሉ ወደ ደም ሥር ቢገቡ ግሊሰሪኑ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ተሻምቶ ይገባባቸውና እዚያው ይፈነዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ 12 ከመቶ ጨው ያለበት ውሃ ይጨመራል፣ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ቀጥሎ በ1.6 ከመቶ ጨው ይታጠባል፤ በመጨረሻ ጥቂት ስኳር ባለበት 0.9 ከመቶ ጨው። ከከባድ ጨው ወደ ቀላል ጨው ደረጃ በደረጃ የሚወርደው ግሊሰሪኑ ሲወጣ ሕዋሱ እንዳይደነግጥ ነው። ለአንድ ከረጢት ብዙ ሊትር ፈሳሽ ይፈሳል። እኔ ሁልጊዜ የምመለከተው የእጣቢውን ቱቦ ነው፤ መጀመሪያ ጥቁር ቀይ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የሮማን ጭማቂ ይመስላል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ መጨረሻ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ወይም ውሃ መሆን አለበት። እስከ መጨረሻው ቀይ ሆኖ ከቀጠለ ሕዋሱ እየፈነዳ ነው፤ ያ ከረጢት ይጣላል። በደንብ ቢሠራ እንኳ ከሕዋሱ ከአሥር እስከ ሃያ ከመቶ የሚደርሰው በአጠባው ይጠፋል። ከፍሪዘር ወጥቶ ለታካሚ እስኪደርስ ለአንድ ከረጢት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ባለቤትዎን ያስቡ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በደቂቃዎች የሚገድል ነው። ሁለት ሰዓት የሚጠብቅ አይደለም። አስቀድሞ ይቅለጥ እንዳይባል ደግሞ ክፍት በሆነ ዘዴ የታጠበ ደም ዕድሜው 24 ሰዓት ብቻ ነው። ዝግ በሆነ ማሽን የታጠበና ማቆያ ፈሳሽ የተጨመረበት በፍሪጅ እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ ያ ማሽን ግን ሀብታም በሚባሉት ሀገሮችም በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከ80 ዲግሪ በታች ያለ ፍሪዘርን ዓመት ሙሉ መጠበቅ ምን እንደሚጠይቅ ደግሞ ደሴ ላለ ሰው አልነግርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ሌላ ነገርም ላንሳ። በረዶ ጀርም አይገድልም። ሕዋሱን ከሞት የሚጠብቀው ግሊሰሪን ቫይረሱንም አይነካውም፤ ኤች አይ ቪም ሄፓታይተስ ቢም በረዶውን ያልፋሉ። የወባ ተውሳክማ በምርምር ቤት ለዓመታት የሚቀመጠው ደም በሚቀመጥበት በዚያው የግሊሰሪን ዘዴ ነው። ስለዚህ በረዶ የሚደረግ ደም ምርመራው ከሌላው ደም የሚያንስ አይደለም። የሲክል ሴል (ቀይ ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚታጠፍበት፣ በዘር የሚወረስ) ባሕርይ ያለበት ለጋሽ ደምም አስቀድሞ መለየት አለበት፤ በዚያ ከባድ ጨው ሲታጠብ ሕዋሱ ተጣብቆ እንደ ጄሊ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ችለው የሚሠሩት ታዲያ ለማን ነው? ሌላ ደም ለማይገኝለት ሰው። እ.ኤ.አ. በ1952 በሕንድ ቦምቤይ የተገለጸ አንድ የደም ዓይነት አለ፤ በተለመደው ምርመራ ኦ መስሎ ይታያል፣ ሰውየው ግን ኦ ደም ቢሰጠው ሊሞት ይችላል፤ የሚስማማው እንደ እሱ ያለ የቦምቤይ ሰው ደም ብቻ ነው። እንደዚህ ላሉ ሰዎች ከዓመታት በፊት የተለገሰ አንድ ከረጢት በአምስተርዳም ወይም በሊቨርፑል ፍሪዘር ተኝቶ ይጠብቃል። ሌሎቹ ተጠቃሚዎች የጦር ሠራዊቶች ናቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1966 በቬትናም ዳናንግ ሞክረውታል፤ የኔዘርላንድስ ጦር ቦስኒያና አፍጋኒስታን ይዞት ዘምቷል። የትኛውም ሀገር ግን የዕለት ተዕለት ደሙን ከፍሪዘር አያወጣም። አሜሪካ ውስጥ ለወለደች ሴት የሚሰጠው ደም ባለፉት ሳምንታት ከለጋሽ የተቀዳ የፍሪጅ ደም ነው። ወንድምዎ ይህን ያወቀ አልመሰለኝም።

ባለቤትዎ ብርቅ ደም የላትም። ኦ ኔጌቲቭ በሀገራችን ጥቂት ነው እንጂ ብርቅ አይደለም፤ በየከተማው ለጋሽ አለው። የራሷን ደም መቅዳት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደም አትለግስም፤ በወሊድ ጊዜ የሚያስፈልጋትን ደም አሁን ከእሷ መውሰድ ደም አንሷት ምጥ እንድትገባ ማድረግ ነው። የእህቷም ነገር እንደሚመስለው አይደለም። የቅርብ ዘመድ ደም ውስጥ ያሉ ነጭ ሕዋሶች የተቀባዩን ሰውነት ስለሚመስሉ ሳይገደሉ ሰርገው ሊቀሩና ኋላ ሰውነቷን ሊወጉ ይችላሉ። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን የሚተርፍ ጥቂት ነው፤ መከላከያው ደሙን በጨረር ማከም ሲሆን እሱ በሌለበት የእህት ደም ለእህት አልመርጥም። የእርስዎ ደም ደግሞ ፖዘቲቭ ስለሆነ አይሰጣትም፤ ኔጌቲቭ ቢሆን እንኳ ገና ልትወልድ ላሰበች ሴት የባል ደም አይመከርም፣ ለሚቀጥለው ፅንስ ጠላት የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ሊቀሰቅስባት ይችላልና።

ስለዚህ ምክሬ የፍሪዘሩን ሐሳብ ይተዉት የሚል ነው። በምትኩ በዚህ ሳምንት ባለቤትዎ የኩምብስ ምርመራ፣ ማለትም በደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን የሚያሳየውን፣ ታድርግ፤ ሐኪሟ ቀጥተኛ ያልሆነውን ዓይነት እንዲያዝላት ይንገሩ። ባለፈው ልጅ ወልዳለች፣ ደምም ተሰጥቷታል፤ ሁለቱም ፀረ እንግዳ አካል ሊያስነሱ ይችላሉ። ውጤቱ ነጻ ከሆነ ምርመራው በ28ኛው ሳምንት ተደግሞ የሾተላይ መርፌ ትወጋለች፤ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሌላ። ባለፈው ወሊድ መርፌውን ወስዳ እንደሆነ ካርዷን ይመልከቱ፣ ካልተጻፈ አልወሰደችም ብለው ይነሡ። ምርመራው ፀረ እንግዳ አካል ካሳየ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት አለበት። ፀረ ዲ (ፖዘቲቭ ደምን የሚያጠቃው ዓይነት) ብቻ ከሆነ ኦ ኔጌቲቭ ደም አሁንም ይስማማታል፤ ለፅንሱ ግን የስፔሻሊስት ክትትል ያስፈልገዋል፣ መርፌውም ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ሌላ ዓይነት ከሆነ የሚስማማ ደም ለመፈለግ ወራት ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ አሁን በአምስተኛው ወር መጀመር የምለው ለዚህ ነው።

እህቷ ወደ ደም ባንኩ ትሂድና በኦ ኔጌቲቭ ለጋሽነት ትመዝገብ፤ ደሟ ለማንም ለሚያስፈልገው ይሂድ፣ ለባለቤትዎ የሌላ ሰው ይመጣላታል። በዘመድ፣ በዕድር፣ በሥራ ቦታ ያሉ ሌሎች ሦስት አራት ኦ ኔጌቲቮችን ፈልገው ያስመዝግቡ። አንድ ላይ እንዳይለግሱ፤ ለጋሽ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚለግሰው፣ ሁሉም በሰባተኛው ወር ከሰጡ በዘጠነኛው የሚጠራ አይኖርም። ከመካከላቸው ሁለቱ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይቆዩ፤ ደም ባንኩም መውለጃ ቀኗን አስቀድሞ ይወቅ። ደሙ ሰው ውስጥ እያለ ከየትኛውም ፍሪዘር ይልቅ በደህና ይቀመጣል፣ ሲፈለግም ትኩስ ሆኖ ይቀዳል።

ከዚያ በተጨማሪ ደም እንዳትፈልግ ማድረግ አለ፤ ይህ ከደም ፍለጋው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ከሆነ ዛሬውኑ ይታከም፣ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒኗን አታቋርጥ። ከዚህ በፊት ደም የፈሰሳት ስለሆነች በጤና ጣቢያ አትውለድ፤ ደምና ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ትውለድ። ልጁ እንደወጣ ኦክሲቶሲን መርፌ መውሰድ እንዳለባት፣ መድማቱ ከበረታ ትራኔክሳሚክ አሲድ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ሐኪሞቹ ያውቃሉ፤ እርስዎ ባለፈው ምን እንደደረሰባት ገና ስትገባ ይንገሯቸው፣ ምጥ ክፍል ደጃፍ ላይ ሆነው አይጠብቁ።

የመጨረሻው ለመስማት የሚከብድ ነው፤ አስቀድሞ ማወቁ ግን በዚያች ሰዓት ክርክር ያስቀራል። ደም እየፈሰሳት ኦ ኔጌቲቭ ከጠፋ፣ ፀረ ዲ ከሌላት ሐኪሙ ኦ ፖዘቲቭ ሊሰጣት ይችላል። ያ ስህተት አይደለም። ለሚቀጥለው እርግዝና የሚያመጣው ችግር አለ፣ ስለ ሾተላይ መርፌው መጠንም ወዲያው መነጋገር ያስፈልጋል፤ እናትየዋ ግን በሕይወት ኖራ ነው ያ ችግር የሚመጣው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲቀርብልዎ አይከልክሉ። የኩምብስ ውጤቷን የያዘውን ወረቀት ግን ከክትትል ካርዷ ጋር አያይዘው ይዘው ይግቡ፤ ሐኪሙ በዚያች ደቂቃ የሚፈልገው እሱን ነው።